ከአዳም እስከ አንጓች ሰርግ

እኔ ሰርግ አፍራሽ አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ደብረ ማርቆስ ውስጥ ስሜን የማያውቅ ሰው እንኳ «ያች ሰርግ ልታፈርስ የነበረችው ልጅ» ሲባል ስለሚያውቀኝ ነው። ባለፈው ውኃ ልቀዳ ብወርድ አንዲት የማላውቃት ሴትዮ እንስራዋን አስቀምጣ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና፣ «ይችው ናት? ሚጢጢ ናት እኮ!» አለች። ሚጢጢ! እኔ ስምንተኛ ክፍል ነኝ። ጽሕፈትም ሰሞኑን እሺ ብሎኛል፤ ብዕር ስይዝ ቃላቱ ተሰልፈው የሚጠብቁኝ ይመስለኛል። እንግዲህ አገሩ በአፉ ካማኝ እኔ በብዕሬ እመልሳለሁ። ያደረግሁት ነገር ቢኖር በሁለት ማባዛት ብቻ ነው። በሁለት ማባዛትን ደግሞ ከቤቴ ይዤው አልመጣሁም፤ አስተምረውኝ ነው።

ነገሩን የጀመሩት የሒሳብ አስተማሪያችን ናቸው። ከሸዋ የመጡ፣ ቀጭን፣ ከረባታቸውን ጭቃም ዝናብም የማያስወልቃቸው ሰው ናቸው። አንድ ሰኞ ጠመኔያቸውን አንስተው፣ «ከአዳም ጀምሮ እስከ ዛሬ በዚህች ምድር ላይ ስንት ሰው ኖሯል? ገምታችሁ በሳምንቱ አምጡ። መልሱን በትክክል የሚያውቅ የለም፤ እኔም አላውቀውም። የምፈልገው የሄዳችሁበትን መንገድ ነው» አሉ። ከሁሉ የበለጠው ሥራ በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ይነበባል ተባለ። እኔ በልቤ ያን ጊዜውኑ ቆሜ ማንበብ ጀመርሁ።

እናቴ ስነግራት አማተበች።

«ሰው አይቆጠርም! ዳዊት እንኳ ሕዝቡን ቢቆጥር መቅሰፍት ወረደ። እኔ ስንት ልጅ አለሽ ስባል ‹እግዜር የሰጠኝን ያህል› እላለሁ እንጅ ቁጥር አልጠራም።»

«እማዬ፣ እኔ የምቆጥር እኮ የሞቱትን ነው።»

«የሞቱትንማ ጭራሽ! ተኝተው ባሉበት ምን አደረጉሽ?»

ደግሞም ጊዜ አልነበራትም። በሦስተኛው ሳምንት ታላቅ እህቴ አንጓች ልትዳር ነው፤ ጌሾው ይወቀጣል፣ እህሉ ይፈጫል፣ ቤቱ ይለቀለቃል። ሙሽራው ይበልጣል የሚባል የአማኑኤል ከተማ ልጅ ነው። አንጓች ይበልጣልን ያየችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ግን ሸሚዙ ስንት ቁልፍ እንዳለው ጠይቋት፣ ትነግራችኋለች። ሦስተኛው ቁልፍ በሌላ ክር እንደተተከለ ሳይቀር። ሽማግሌዎች እንደ ወጉ ሰባት ቤት ቆጥረው፣ በሁለቱ መካከል ዝምድና የለም ብለው ካጩዋት ቆይቷል።

ወደ ሒሳቤ ልመለስ። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ የቅዳሜን ገበያ ሰው በዓይኗ ገምታ በሰባት ሺህ ዓመት አባዛችው። በእሷ ሒሳብ እንግዲህ የሰው ልጅ ሁሉ ሽንኩርት ሊገዛ የተወለደ ነው። አንዱ ደግሞ «እንደ ባሕር አሸዋ» ብሎ ጽፎ ደብተሩን ዘጋ። ይህ ልጅ ጨሞጋ ወንዝን ተሻግሮ አያውቅም፤ ባሕርን የት አገኘው?

አሁን የእኔን ስሙ። እኔ አንድ ነኝ። ወላጆቼ ሁለት ናቸው። አያቶቼ አራት፣ ቅድመ አያቶቼ ስምንት፣ ምንዥላቶቼ ዐሥራ ስድስት፣ እንጅላቶቼ ሠላሳ ሁለት፣ ፍናጅላቶቼ ስድሳ አራት። እንዲህ በሁለት እያባዛሁ ወደ ኋላ ብጓዝ አንድ ቀን አዳም በር ላይ እደርሳለሁ፤ ከዚያ መደመር ነው። ከአዳም እስከ እኛ ሰባት ሺህ ከምናምን ዓመት ነው፤ ለአንድ ትውልድ ሃያ አምስት ዓመት ብንሰጥ ሦስት መቶ ያህል ቤት ይሆናል። በሠላሳኛው ቤት አያቶቼ ከሺህ ሚሊዮን በለጡ። በአርባኛው ቤት ቁጥሩ ከወረቀቱ ኅዳግ አልፎ ጠረጴዛው ላይ ወጣ፤ እናቴ በኩርኩም መለሰችው። ከአርባኛው ቤት በኋላ «ወዘተ» ብዬ ጻፍሁ። እንዴት ያለ ደስታ ነው መሰላችሁ! ያን ሁሉ ሕዝብ ከኋላዬ አሰልፌ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ መንገዱ የጠበበኝ መሰለኝ።

ረቡዕ ዕለት ደብተሬን ለአስተማሪው አሳየሁ። አንብበው ፈገግ አሉ።

«ቆንጆ ነው። ግን አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ ቆጥረሽው ቢሆንስ? በአባትሽም በእናትሽም በኩል የሚመጣ አንድ አያት ቢኖርሽስ?»

ደሜ ፈላ። «ቲቸር! እኛ አገር እኮ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም! እንዴት አድርጎ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አያቴ ይሆናል?»

«እሰይ» አሉ ከረባታቸውን እያስተካከሉ። «እንግዲያው በስም አሳይኝ።»

የቤተሰቤ ንጽሕና በጠመኔ ተጠየቀ ማለት ነው! በስም አላሳይም ብዬ ዝም እንድል ይጠበቅ ነበር?

እንደ ዕድል የአባቴ አጎት አያ ደረሰ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ ከቁይ መጥተው እኛ ቤት አርፈው ነበር። አያ ደረሰ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምረው በርስት ይካሰሳሉ። በርስት የሚካሰስ ሰው «ይህ መሬት ከእከሌ ወደ እከሌ ወርዶ ለእኔ ደረሰ» ብሎ በዳኛ ፊት ዘሩን ካልቆጠረ ወግድ ይባላል፤ ስለዚህ አያ ደረሰ አያቶቻቸውን ከውዳሴ ማርያም እኩል በቃላቸው ያደርሳሉ። ደብተሬን ይዤ እግራቸው ሥር ተቀመጥሁ። እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው ከአያቴ ጀምረው አወረዱት፤ አድማሱ የተሰማ፣ ተሰማ የገላዬ፣ ገላዬ የውብነህ፣ ውብነህ የጥላሁን…

«ቆይ አያ፣ የውብነህ እናትስ?»

«እናትማ ነበረችው። ያለ እናት ይወለዳል?»

«ስሟን ነዋ!»

«መሬት ይዛ መጥታለች?»

«እኔ ምኑን አውቄ!»

«አላመጣችም። መሬት ያልመጣባት ሴት ስሟ ምን ያደርግልሻል?»

ብዕሬን ወረወርሁ። የራሴ ብዕር ስለሆነ መልሼ አነሳሁት። ከስድሳ አራቱ ፍናጅላቶቼ ሠላሳ ሁለቱ ሴቶች ናቸው እኮ! አያ ደረሰ ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ ግማሽ ሕዝብ ፈጁብኝ።

«አያ» አልኋቸው፣ «የክስ ማመልከቻዎን የምትጽፍልዎ ማን ናት?»

«አንች ነሽ፣ እናቴ። እጅሽ ይባረክ።»

«እንግዲያው ስሟን ካልነገሩኝ የነገውን ማመልከቻ እኩሌታው ላይ ‹ወዘተ› ብዬ እጨርሰዋለሁ።»

ዓይናቸውን ገለጡ። ግራ ቀኝ አዩ፤ ድምፃቸውንም ቀነሱ። «ላቀች ትባላለች። ውብነህን ወልዳ ጡት እንዳስጣለች ጥላሁንን ጥላው ሄደች። ሌላ አገባች። መሬቷንም ለኋለኞቹ ልጆቿ አወረሰች። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ስሟ አይነሳም፤ ዘር ስንቆጥርም በጥላሁን ነው የምንቆጥር። በቃ ጻፊ፤ ግን ቀጭን አድርገሽ ጻፊ።»

ቀጭን አድርጌ! ወፍራም አድርጌ ጻፍኋት። ከሥሯም አሰመርሁ።

ዓርብ ዕለት የሙሽራው አባት አቶ ጫኔ ከአማኑኤል መጡ። የአጃቢውን ነገር ከአባቴ ጋር ሊቆርጡ ነው። ሳቂታ ሰው ናቸው፤ ወንበር እንኳ ሲያቀርቡላቸው ይስቃሉ። ጠላ ልቀዳ ስገባ ደብተሬን ብብቴ ሥር አዩት።

«ምንድን ነው እሱ፣ ልጄ?»

ነገርኋቸው። አዳም አልቀረ፣ ሠላሳኛው ቤት አልቀረ። አቶ ጫኔ ጭናቸውን መቱ። «ታዲያ የእኛንስ አትጽፊም? እኛስ ከሰማይ ወረድን? በይ ጻፊ!»

ያች ቅጽበት ትዝ ስትለኝ አሁንም ፊቴ ይግላል። ጻፍሁ። አቶ ጫኔ እንደ አያ ደረሰ አይደሉም፤ ወንዱንም ሴቱንም ይጠራሉ። አባታቸውን፣ አያታቸውን፣ ቅድመ አያታቸውን፣ ምንዥላታቸውን አሉና፣ «የእሱ እናት ደግሞ የኛ ሁሉ ባለውለታ ናት፤ ያለንን መሬት ያገኘነው ከእሷ ነው» አሉ። «ከወደ ቁይ የፊተኛ ባሏን ጥላ የመጣች፣ ላቀች የምትባል ሴት…»

«ላቀች!» ብዬ ጮኽሁ። «ላቀችማ እኛም አለችን! ጥላው የመጣችው ጥላሁንን ነው፤ የእኛን ጥላሁን! እኛ እኮ ዘመዳሞች ነን!»

ይህን ያልሁት በደስታ ነው። ዘመድ ሲገኝ እልል ይባላል ብዬ ነው። እልል ያለ ሰው ግን አልነበረም። አቶ ጫኔ ዋንጫቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቁ አየኋቸው። አባቴ እኔን አየ። አያ ደረሰ ጣራውን አዩ። ከጓዳ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ፤ አንጓችም ሙሽራ ከአማቷ ፊት እንደማትወጣ ረስታ በሩ ላይ ቆመች።

«አንች ልጅ!» አለችኝ። «ሰርጌ ከቀረ እኔንም ከሞቱት ጋር ደምረሽ ጻፊኝ!»

እስቲ አሁን እኔ ምን አጠፋሁ? ሰባት ቤት ይቆጠር ያልሁት እኔ ነኝ? ሽማግሌዎቹ ሲቆጥሩ በጥላሁን በኩል ወርደው፣ በላቀች በኩል ሳያዩ ተነሥተው ሄዱ። እኔ ግን አየሁ። ዓይን ያለው ሰው ይመሰገናል እንጅ ይቆነጠጣል? ክንዴ ላይ የእናቴ ጣት ምልክት እስከ እሑድ አለቀቀም። ቅዳሜ ዕለት ቤቱ የኀዘን ቤት መሰለ። ጌሾው ተወቅጦ ቀረ። ጎረቤት እየገባ እናቴን «አይዞሽ» ይላል፤ ሲወጣ እኔን ይገላምጣል።

ከሰዓት በኋላ ከቤቱ ጀርባ ተደብቄ ሳለሁ አንጓች መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ልትመታኝ ነው ብዬ ደብተሬን ራሴ ላይ ጫንሁ። አልመታችኝም።

«ያች ላቀች» አለች፣ «ሁለተኛውን ወድዳው ነው የሄደችው?»

«አያ ደረሰ አልነገሩኝም።»

«አልጠየቅሻቸውም እንጅ።» ሣሩን ነጨች። «ወድዳው ነው። እኔ አውቃለሁ።» ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ያን ጊዜ የእኔም ልብ ተሰበረ፤ ሒሳቤ ትክክል መሆኑ ምንም አላጽናናኝም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስድስት ሰዎች ግቢያችን ተቀመጡ። የነፍስ አባታችን ቄሱ፣ አባቴ፣ አቶ ጫኔ፣ አያ ደረሰ፣ መጀመሪያ ዘሩን የቆጠሩት ባለ ከዘራው ሽማግሌና ጆሯቸው ትንሽ የከበደ ጓደኛቸው። እኔ በር ሥር ተቀምጬ «ማስረጃዋን አምጭ» ስባል ደብተሬን አቀረብሁ። ማስረጃ ያሉት አያ ደረሰ ናቸው፤ እሳቸው ሰው ከሦስት በላይ ከተሰበሰበ ችሎት ይመስላቸዋል።

ቄሱ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው ቆጠሩ። «ከአባቷ ብንጀምር ላቀች ስድስተኛ ናት። ከልጅቱ ከራሷ ብንጀምር ሰባተኛ። በልጁም በኩል ያው ነው። ሰባተኛው ራሱ ከልካይ ነው፤ የሚፈቀደው ስምንተኛው ነው።»

«አባቶቻችን ከአባት ነው የሚጀምሩት» አሉ ባለ ከዘራው።

«የለም፣ ከራስ ነው» አሉ አቶ ጫኔ።

«በእኔ መዝገብ…» አሉ አያ ደረሰ።

«ምን አሉ?» አሉ ጆሯቸው የከበደው።

እንዲህ ሲባባሉ የቤቱ ጥላ ከግቢው ጥግ ተነሥቶ እግራቸው ሥር ደረሰ። ባለ ከዘራው በመጨረሻ፣ «ይቅር እንጅ ምን ይደረግ፤ ሴት ልጅ ሌላ ባል አታጣም» አሉ። ከውስጥ አንጓች ስታለቅስ ሰማሁ። እኔም ተነሣሁ። ማንም አልጠራኝም፤ እግሬ ነው የተነሣው።

«ይቅርታ አባቶቼ» አልሁ። «አያችሁ፣ ስድስተኛው ቤት ላይ ስድሳ አራት ቦታ አለ። ከእነዚህ በስም የሞላሁት ዘጠኙን ብቻ ነው፤ አንዷ ላቀች ናት። ሽማግሌዎች ወንዶቹን ብቻ ስለቆጠሩ ነው ያመለጠቻቸው። ሴቶቹም ከተቆጠሩ ሌላም ይገኝ ይሆናል። እኔ እንዲያውም ጽሕፈት ይቀናኛል፤ ለሁላችሁም እሞላላችኋለሁ።» ወደ ባለ ከዘራው ዞርሁ፤ በቅንነት ነው የዞርሁት። «ከእርስዎ እንጀምር? እርስዎና ባለቤትዎ ሁለታችሁም የደብረ ኤልያስ ልጆች አይደላችሁ? ያኔ ሲቆጠር ሴቶቹም ተቆጥረው ነበር?»

ባለ ከዘራው ከዘራቸውን ከቀኝ ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ።

«አቶ ጫኔስ? ባለቤትዎ እዚያው አማኑኤል የተወለዱ ናቸው አሉ። አባስ? እርስዎና…»

«አንች ልጅ» አሉ ቄሱ ለስለስ ብለው፣ «እስቲ ደብተሩን አንዴ እጠፊው።»

ስድስት ባለ ትዳሮች፣ የልጆችና የልጅ ልጆች ባለቤቶች፣ እያንዳንዳቸው በልባቸው የሚስታቸውን አያቶች ሲቆጥሩ በዓይኔ አየኋቸው። አባቴ ሳይቀር! አባቴ ወደ ጓዳ፣ ወደ እናቴ አቅጣጫ፣ እንደ እንግዳ ሰው አየ።

ያን ጊዜ ጆሯቸው የከበደው ሽማግሌ ተናገሩ። «ይህ ሰባት ቤት የሚባለው ስለ ማን ነው? ስለሚወለደው ልጅ ነው። ደም የሚገናኘው በእሱ ነው። ታዲያ ከእሱ አንጀምርም?»

ቄሱ በጣታቸው ቆጠሩ። ገና ካልተወለደው ልጅ ሲጀመር ላቀች ስምንተኛ ሆነች። «ስምንተኛ ናት!» አሉ። «ስምንተኛ!» አሉ ባለ ከዘራው፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማቸው ከፍ አድርገው። ከሰዓቱን ሙሉ ያልተስማሙ ሰዎች በአንድ አፍ ተናገሩ። ከጓዳ እልልታ ተሰማ፤ እናቴ ናት።

ታዲያ በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት! አቶ ጫኔ ደብተሬን በዓይናቸው አመለከቱ። «እዚያ ላይ ግን ስድስተኛ ተብሎ ተጽፏል።»

«ይሰረዝ» አለ አባቴ።

«የተሰረዘ ጽሑፍ ይነበባል» አሉ አያ ደረሰ። «ዳኛው ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ሲያነብብኝ በዓይኔ አይቻለሁ። ይቆረጥ።»

ምላጭ መጣ። እኔ ደብተሬን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ «መሬት ካላመጣች አትጻፍም፣ ሰርግ ካደናቀፈች ትቆረጣለች፤ ምን ብታደርግ ነው የምትኖረው?» አልሁ። አባቴ ምላጩን ወደ እኔ ዘረጋ። በበሩ ስንጥቅ ግን አንድ ዓይን ታየኝ። ሸሚዝ ላይ ቁልፍ የምትቆጥር የእህቴ ዓይን ነበረች፤ ለመነችኝ። ምላጩን ተቀብዬ ራሴ ቆረጥሁ። ከእሷ በቀር ማንንም ሳልነካ፣ ላቀችን ብቻ አወጣኋት። «ምድጃ ውስጥ ጣያት» አለኝ አባቴ። እሺ አልሁ። ግን አልጣልኋትም፤ ዳዊቴ ውስጥ አኖርኋት።

ሰኞ አስተማሪው ደብተሬን ገልጠው ጣታቸውን በቀዳዳው አሳለፉ። «ይህ ምንድን ነው?»

«ፍናጅላቴ ናት፣ ቲቸር። ሰርጉ እስኪያልፍ የለችም።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪው አልሳቁም። እንደኔ ሒሳብ ወደ ኋላ በሄድሁ ቁጥር ሰው እየበዛ ከምድር እንደሚተርፍ፣ አዳም ዘንድ ስደርስ ግን ሁለት ብቻ መሆን እንደነበረባቸው አስረዱኝ። «አያቶችሽ እርስ በርሳቸው ተዛምደዋል ማለት ነው። የሁላችንም አያቶች እንዲሁ ናቸው» አሉ። ይህን እኔ ከስድስት ሽማግሌዎች ፊት ተምሬዋለሁ፤ እሳቸው የሚነግሩኝ አሁን! ስለ ቀዳዳው ሁለት ማርክ ቀነሱብኝ። በሰልፍ ላይ የተነበበው የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የሽንኩርቷ!

ሰርጉ አለፈ። አንጓች በበቅሎ ወደ አማኑኤል ሄደች፤ ስትሄድ አንገቴን አንቃ ሳመችኝ። ሽማግሌዎቹ አንድም አልቀሩ፣ ሲበሉ ደግሞ ከእኔ ራቅ ብለው ነው የተቀመጡት። በማግስቱ ቁራጯን ከዳዊቴ አውጥቼ በሊጥ ለጠፍኋት። ቦታዋ ልክክ አለ። ደብተሬን ይዤ አስተማሪው ዘንድ ገባሁ።

«ቲቸር፣ ተሟልቷል። ሁለት ማርኬን ይመልሱልኝ።»

አይተው ፈገግ አሉ። «የማስረከቢያው ቀን እኮ አልፏል። ሁለት ሳምንት ዘግይታለች።»

«ዘግይታለች?» አልሁ። በሩ ክፍት ነበር፤ ድምፄ እስከ ሜዳው ሳይሰማ አልቀረም። «ቲቸር፣ ይች ሴት ስሟ እንዲጠራ የሰባት ሰው ዕድሜ ጠብቃለች። እርስዎ ሁለት ሳምንት መጠበቅ አቃተዎት?»

አስተማሪው ደብተሩን ከእጄ ወሰዱ። ቀዩን ብዕር ከኪሳቸው አወጡና ማርኬ ያለበትን ገጽ ትተው ላቀች ያለችበትን ገለጡ። ከዚያ ከስሟ አጠገብ፣ ሊጡ ገና ሳይደርቅ፣ የትክክል ምልክት አደረጉ።